የፉርጎ ወንበር

አናጢው ሚስቱን «ተነሺ» ያላት ገና ጀርባዋ የወንበሩን መደገፊያ ሳይነካ ነው። እሷም ብትሆን አስባበት አልተቀመጠችም። ከማለዳ ጀምራ ጓሮ ውስጥ ጎንበስ ብላ ልብስ ስታጥብ ቆይታ፣ ባዶውን ባልዲ እንዳንጠለጠለች ወደ ቤት ስትገባ፣ ከአልጋው ራስጌ በነጭ አንሶላ የተሸፈነ ነገር አየች፤ እግሯ እሷን ሳያማክር ወስዶ አስቀመጣት። አናጢው መስኮቱ ሥር ቆሞ ጺሙን እየተላጨ ነበር። በመስታወቱ ውስጥ አያት፤ ምላጩን ከጉንጩ ሳያነሣ «ተነሺ፣ የፉርጎ ነው» አላት። ተነሣች። የተጨማደደውን አንሶላ በመዳፏ ዳበስ ዳበስ አድርጋ አቃናች፣ «አላወቅሁም» አለች፣ ባልዲውን በሩ ጥግ አኖረችና ወደ በርጩማዋ ሄደች። በዚህ ቤት ይህን የመሰለ ነገር ጠብ አያስነሣም። አናጢውም አገጩን ተላጭቶ ጨረሰ።

በርጩማው አራት እግር አለው፤ ሦስቱ እኩል ናቸው። አራተኛውን ያሳጠረው አናጢው ራሱ ነው። አንድ ጊዜ ቤት ውስጥ ሳንቃ ሊቆርጥ ሲል በርጩማውን መደገፊያ አደረገው፤ መጋዙም ሳንቃውን አልፎ የእግሩን ጫፍ በላው። ያን ዕለት «ነገ አስተካክለዋለሁ» ብሎ ነበር፤ እስከ ዛሬም ነገ ነው። ሚስቱ ካርቶን አጣጥፋ ከአጭሩ እግር ሥር ትወትፋለች፤ ካርቶኑ እየተደፈጠጠ ሲሳሳ ሌላ ታጥፋለች። በዚያ ላይ የራሷ አቀማመጥ አላት። ክብደቷን ወደ ግራ ጣል፣ ቀኝ እግሯን ዘርጋ አድርጋ ነው የምትቀመጠው። እንግዳ ይህን ስለማያውቅ ይንገዳገዳል፤ እሷ ግን አፉ ድረስ የሞላ የሾርባ ሳህን ይዛ ጠብ ሳታደርግ ትበላበታለች። የሰፈሩ ግማሽ ሰው የሚቀመጠው አናጢው በሠራው ወንበር ላይ ነው። ክሊኒኩ፣ ፀጉር ቤቱ፣ የመንጃ ፈቃድ ቢሮው፣ ሁሉም ጋ የእጁ ሥራ አለ። ቤቱ ውስጥ ግን ያለው አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛና ይህ በርጩማ ብቻ ነው፤ እሱ የሚበላው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ነው። ሲጠየቅ «የደንበኛ ሥራ ይቀድማል» ይላል። ሚስቱም «ይቀድማል» ትላለች፤ ወሬው እዚያ ላይ ያበቃል።

ፉርጎ የሚሉት የክለባቸውን የቀኝ ተከላካይ ነው፤ ሁለት ቁጥሩን። መጀመሪያ የመጣ ሰሞን ባቡር ብለውት ነበር፤ ከጥቂት ጨዋታ በኋላ ባቡር ይፈጥናል ብለው ወደ ፉርጎ ዝቅ አደረጉት። ስሙ ስድብ ይመስላል እንጂ ስድብ አይደለም። ፉርጎ ዕቃ ይጭናል፣ ይጎተታል፣ ይንገጫገጫል፣ በመጨረሻ ግን ይደርሳል፤ ልጁም እንደዚያው ነው። ሲሮጥ ጉልበቶቹ ይጋጫሉ፤ ኳስ ሲያቆም ሁለት እርምጃ ታመልጠዋለች፤ ሲመታት ደግሞ ወዴት እንደምትሄድ እሱም እንደ ተመልካቹ ቆሞ ያያል። እዚህ ክለብ ከመጣ ጀምሮ ያስቆጠራት አንዲት ጎል በራሱ መረብ ላይ ናት፤ እሷንም በዝናብ። ደጋፊው ይቅር ያለው ገና ከጭቃው ሳይነሣ ነው። ዘጠኝ ቁጥሩ፣ ያ ፀጉሩን በየሳምንቱ ሌላ ቀለም የሚያስቀባው፣ ኳስ ሲነጠቅ ወገቡን ይዞ ሰማይ ያያል። እሱ ሰማይ ሲያይ ፉርጎ ያችኑ ኳስ ለማስመለስ ሳንባውን አፉ ላይ አድርሶ ይሮጣል። ጋዜጣ ላይ የሚወጣው የዘጠኝ ቁጥሩ ፎቶ ነው፤ ጣሪያ የሌለው ወገን የሚጨፍረው ግን ለፉርጎ ነው። «ይዘገያል እንጂ አይቀርም! ይዘገያል እንጂ አይቀርም!» ይሉለታል።

ጣሪያ የሌለው ወገን የሚባለው ከስታዲየሙ ርካሹ ቦታ ነው። ተሸካሚው፣ ሾፌሩ፣ ግንበኛው፣ ከአዳር ሥራ የወጣችው ነርስ፣ ሁሉም ፀሐይና ዝናብ እየተፈራረቀባቸው እዚያ ይቆማሉ። ጥበብ ሲያዩ ያደንቃሉ፤ ላብ ሲያዩ ግን ሆዳቸው ይባባል። አናጢውም ፉርጎን ይወደዋል። ልጅ ስላልወለደ ነው የሚሉ አሉ፤ እሱ እንደዚያ አያስብም። አንድ ሰው የማይሆንለትን ነገር በየሳምንቱ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ እያየው፣ ሳያፍር እንደገና ሲሞክር ማየት ደስ ይለዋል። ይህን ለማንም ተናግሮ አያውቅም፤ ፉርጎ ኳሷን ከሜዳ ባወጣት ቁጥር ግን ከጎኑ የቆመውን ሰው ትከሻ ሳያውቀው ጨምቆ ይይዛል።

ወንበር እንስጠው ያለውም እሱ ነው። የደጋፊዎቹ ኮሚቴ በዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ ላይ ለአንድ ተጫዋች ስጦታ ይሰጣል። ዘንድሮ ለፉርጎ ይሁን ሲባል የተቃወመ አልነበረም፤ ክርክሩ ስጦታው ላይ ነበር። አንዱ ዋንጫ አለ፣ አንዱ የግድግዳ ሰዓት አለ፣ አንዱ ፎቶውን በትልቁ አሳጥበን እንስጠው ሲል ሌላው ፎቶው በትልቁ ባይታጠብ ለእሱም ለእኛም ይሻላል አለ። በመጨረሻ አናጢው ብድግ ብሎ፣ ይህ ልጅ ስንት ዘመን ሲሮጥልን አንድ ቀን ተቀምጦ አይተነው እናውቃለን ወይ፣ እስቲ የሚቀመጥበት ነገር እንስጠው ሲል ቤቱ በጭብጨባ ተሞላ። ኮሚቴው በስጦታ ዓይነት ላይ በአንድ ሐሳብ ሲስማማ ያን ቀን የመጀመሪያው ነበር፤ ይህ ራሱ ሊያሳስባቸው በተገባ ነበር።

ከዚያ በኋላ አናጢው ፉርጎን ሳይነካው ለካው። ልጁ ኳስ በእጅ ሲወረውር በሜዳው ዳር ከተተከለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ጎን ይቆማል። አናጢው የጉልበቱ መታጠፊያ ከየትኛው ፊደል ትይዩ እንደሚሆን ከላይ ሆኖ አየ፤ ጨዋታው ሲያልቅ ወርዶ ከመሬት እስከዚያ ፊደል በሜትር ለካ። የሰሌዳው ጠባቂ ምን እየሠራ እንደሆነ ሲጠይቀው «የሰው እግር እየለካሁ ነው» አለው፤ ጠባቂው ከዚያ በላይ አልጠየቀም። እንጨቱን ያገኘው ከፈረሰ ትምህርት ቤት በር ነው፤ ዘመን ያደረቀው፣ ከእንግዲህ የማይጣመም እንጨት። ምስማር አላስነካውም፤ ሁሉም በጥርስና በማጋጠሚያ የተያዘ ነው። መደገፊያው ላይ አንድ ትንሽ ፉርጎ ቀረጸበት፤ ጎማዎቹ ሳይቀሩ ይቆጠራሉ። ለራሱ ሠርግ እንኳ እንዲህ ያለ ወንበር አልሠራም፤ የዚያን ጊዜ የተቀመጡት በተከራዩት ላይ ነው።

ሚስቱ በርጩማዋ ላይ ሆና ዳቦዋን በሻይ እየነከረች አንሶላውን ስታይ ቆየች። አንድ አንሶላ ምን እንደሸፈነ ለማወቅ ብዙ የሚፈጅባት ሰው አይደለችም፤ በአንድ ሆቴል ምድር ቤት ቀኑን ሙሉ ቆማ አንሶላ ነው የምትተኩሰው።

«ፉርጎ ኳስ ሊያቆም ነው እንዴ?» አለች።

«ማን አለ?»

«ወንበር ልትሰጡት ስትሉ ጊዜ።»

አናጢው ሣቀ። ስለ ኳስ እንደማታውቅ፣ ይህ የክብር ስጦታ እንደሆነ፣ ክብርና ስንብት እንደማይገናኙ አስረዳት። «እንዲያ ከሆነ ደግ» አለችና ብርጭቆዋን አለቅልቃ ደፋች። ከዚያ ጫማዋን አጠለቀች። ተረከዙን ደፍጥጣ እንደ ነጠላ ጫማ ነው የምታጠልቀው፤ አናጢው ይህን ልማዷን ስንፍና አድርጎ ነበር የሚያየው፤ ደህና ጫማ ታበላሻለች ብሎም አንድ ሁለቴ ተናግሯታል። እሑድ ነበር፤ ሆቴል ግን እሑድ አያውቅም። ዳገቱን ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ቀስ እያለች ስትወጣ እሱ የወንበሩን እግር በጨርቅ እየወለወለ ነበር።

እሷ በወጣች ጥቂት ቆይቶ ታናሽ ወንድሟ መጣ። ወንድሟ አውቶቡስ ላይ ትኬት ቆራጭ ነው፤ ጣሪያ የሌለው ወገን ደግሞ አስጨፋሪ። በሁለቱም ሥራው ስለሚጮህ ድምፁ ከተዘጋ ዓመታት አልፈውታል፤ ሰላምታ ሲሰጥ እንኳ እንጨት የሚሞረድ ይመስላል። እትዬስ የት አለች ብሎ ሥራ ሄደች ሲባል፣ እሑድም ነው እንዴ ብሎ አዘነላትና እፎይ ብሎ በርጩማው ላይ ዘጭ አለ። በርጩማው ወደ ቀኝ ሲዘምበት ጠረጴዛውን ይዞ ተረፈ። «እንዴ ጋሼ፣ ይሄ ነገር እስካሁን አለ?» አለ። አናጢው እንዳልሰማ ሆኖ የወንበሩን አንድ ጎን ያዘ።

ወንበሩን የጫኑት ከሽንኩርት ነጋዴ በተዋሱት ፒክአፕ ላይ ነው። አናጢው ዕቃው እንዳይፋቅ ከኋላ ቆሞ መደገፊያውን እንደ ሰው ትከሻ ያዘ፤ አማቹም አብሮት ወጣ። መንገድ ላይ ማሊያ የለበሱ ሰዎች እያጨበጨቡ አሳለፏቸው፤ አናጢውም ለአንዴ እንኳ ቢሆን እንደ ዘጠኝ ቁጥሩ አንገቱን ቀና አደረገ። ቀና ያለው አንገት ብዙ አልቆየም። መብራት ላይ ሲቆሙ አማቹ ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ የሰማውን ነገረው። የፉርጎ ውል ዛሬ ያልቃል። ክለቡ ሊያድስለት እንደማይፈልግ፣ ነገ ከሚሰናበቱት አንዱ እሱ እንደሆነ ይወራል። ሥራ አስኪያጁ የቸገረው ነገር ቢኖር እንዴት ብሎ እንደሚነግረው ነው፤ ደጋፊውን ፈርቷል፤ እኛ ግን ዛሬ በዚህ ወንበር ክብሩን ስናሳየው ደፍሮ አይነካውም አለ አማቹ። ዳቦዋን በሻይ እየነከረች የጠየቀችው ሴት ድምፅ አናጢው ጆሮ ውስጥ ነበር። እንመለስ ይሆን ብሎ ቢጠይቅ፣ አማቹ ፀሐይ የመታው ሰው አድርጎ አየውና የኮዳ ውኃ ሰጠው።

ሜዳው መሀል ድምፅ ማጉያ ተተክሎ ጠበቃቸው። ፉርጎን ጠሩት። መጣ፤ ግን በመጫወቻ ማሊያ አልነበረም፤ ተቀያሪዎች የሚለብሱትን ጃኬት ደርቧል። አናጢው ይህን ሲያይ ክው አለ፤ ያም ሆኖ ሕዝብ እያየው ስለሆነ አንሶላውን ገፈፈ። እንጨቱ ፀሐይ ላይ አበራ። ፉርጎ ጎንበስ ብሎ የተቀረጸችውን ፉርጎ አየ፣ ጎማዎቿን በአውራ ጣቱ አንድ በአንድ ነካ። ፎቶ አንሺው ተቀመጥ አለው። ፉርጎ «ላብ አለብኝ፣ አቆሽሸዋለሁ» አለ፤ ገና አልሮጠም ነበርና ምንም ላብ አልነበረበትም። ያኔ ሥራ አስኪያጁ ድምፅ ማጉያውን ተቀበለ። ሙሉ ሱፍ ለብሷል፤ ፊቱ ትልቅ ሸክም እንደወረደለት ሰው ፊት ፈካ ብሏል።

«ደጋፊዎቻችን ከእኛ ቀድመው አሰቡ» አለ። «ፉርጎ ብዙ ሮጦልናል፤ ከእንግዲህ ወንበር ይገባዋል። ክለባችንም በዚህ በሙሉ ልብ ይስማማል።»

ባለጣሪያው ወገን አጨበጨበ። ጣሪያ የሌለውም ጀመረና ከመሀል ቆረጠ፤ አባባሉ ቀስ እያለ ነው የገባው። ፉርጎ መደገፊያውን እንደያዘ ወደ አናጢው ዞረ። ቁጣ ቢሆን ይሻል ነበር፤ ፊቱ ላይ የነበረው ግን የተሳሳተውን ነገር ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ጭንቀት ነው።

«ጋሼ፣ ምን አጠፋሁ?» አለው በዝቅተኛ ድምፅ።

አናጢው አፉን ከፈተ። የክለቡ የሙዚቃ ባንድ መምታት ጀመረና ሁለቱንም ከሜዳ አስወጧቸው።

ወንበሩን ከተቀያሪዎቹ አግዳሚ ጫፍ አኖሩት። ተቀያሪዎቹ በሙሉ ጥላ ውስጥ ተደርድረው ተቀመጡ፤ ፉርጎ ብቻ ከወንበሩ አጠገብ እንደ ዘበኛ ቆመ። በእሱ ቦታ የገባው ወጣት እንደ ባቡር ይሮጣል፤ ኳሷ ከኋላው የቀረች ጊዜም ይሮጣል። አስጨፋሪው ሁለት ጊዜ ሊያስጀምር ሞክሮ የተከተለው ሲያጣ ተወው። አንድ ግንበኛ «እኛው ነን ያሰናበትነው» አለ። ከዚያ ደግሞ አንዱ፣ በክፋት ሳይሆን ለማወቅ ያህል፣ ይህ የወንበር ሐሳብ የማን ነበር አለና ሰው ሁሉ ቀስ ብሎ ወደ አናጢው ዞረ። አናጢው ዓይኑን የሚያሳርፍበት ቢያጣ ከአግዳሚው ጫፍ ያለውን የራሱን ሥራ አየ፤ ከዚያ ርቀት ሆኖም ቢሆን መስመሩ እንከን አይወጣለትም ነበር። በዚህ ጊዜ ነው ዕረፍት የተነፋው። ሥራ አስኪያጁ ከላይ ወርዶ ከአሠልጣኙ ጋር ሲያወራ ቆየ፤ እግሩ ሲደክመው ሱሪውን ጉልበቱ ላይ ሳብ አደረገና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ተደገፈ። እግሩንም አነባበረ።

አናጢው ደረጃውን መውረዱን ያወቀው ታች ደርሶ ነው። በሩ ላይ ያለው ፖሊስ ያውቀዋል፤ ቁምሳጥኑን የሠራለት እሱ ነው፤ አሳለፈው። አናጢው በሕይወቱ ሥራዬ እንከን አለበት ብሎ አያውቅም። አንድ ጊዜ የሰቀለው መደርደሪያ ከነብርጭቆው ሲወርድ ግድግዳው ነው ጥፋተኛው ብሎ ባለቤቱን አሳምኗል። አሁን ግን ሥራ አስኪያጁ ፊት ቆሞ ኮፍያውን አወለቀ።

«ይቅርታ፣ ይነሡልኝ። ልመልሰው ነው» አለ።

«ለምን? በጣም ተመችቶኛል እኮ።»

«እንከን አለበት። አንድ እግሩ አጭር ነው።»

ሥራ አስኪያጁ ሰውነቱን ወዲህና ወዲያ አወዛወዘ። ወንበሩ ንቅንቅ አላለም። ተነሥቶ ጎንበስ ብሎ አራቱንም እግሮች አየ፤ አናጢውም ዓይኑን በጨው አጥቦ አብሮት አየ፤ ያኛው ነው እያለም አሳየው።

«እስኪስተካከል ድረስ» አለ አናጢው፣ አሠልጣኙም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ፉርጎ የሚቀመጥበት የለውም። ይሩጥ።»

አሠልጣኙ የጫማውን ክር የሚያስር መስሎ አቀረቀረ። ፉርጎ ጃኬቱን እስከ ደረቱ ከፈተው። አናጢው ወንበሩን ገልብጦ በራሱ ላይ ተሸከመና በሜዳው ዳር፣ በማስታወቂያ ሰሌዳው አጠገብ፣ ሰው ሁሉ እያየው ተመለሰ። አራቱ እግሮች ወደ ሰማይ ቆመዋል። በመጀመሪያ ነገሩ የገባት ከአዳር የወጣችው ነርስ ናት፤ ብድግ ብላ ማጨብጨብ ጀመረች። አስጨፋሪው በዚያ በተዘጋ ድምፁ «ይዘገያል እንጂ!» ሲል ወገኑ በሙሉ «አይቀርም!» አለ። ወንበሩን ከሰው ወደ ሰው እየተቀባበሉ ወደ ላይ አሳለፉት፤ ማንም ግን አልተቀመጠበትም።

ሁለተኛው አጋማሽ ጥቂት እንደሄደ ፉርጎ ገባ። የመጀመሪያዋ ኳስ ሁለት እርምጃ አመለጠችው፤ ተንደርድሮ ደረሰባትና ከነጉልበቱ ሲመታት ባለጣሪያውን ወገን አልፋ መንገድ ላይ ወደቀች። ሕዝቡ እንደ ጎል ጮኸ። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል የተጋጣሚው አጥቂ ባዶ ጎል ፊት ብቻውን ሆኖ መታ፤ ፉርጎ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ኳሷን በፊቱ አቆማት። ተዘርሮ ቆየ። ተነሣ። አፍንጫው እየደማ ወደ ቦታው ሮጠ፤ ጉልበቶቹም እንደ ወትሮው ተጋጩ። ጨዋታው ዜሮ ለዜሮ አለቀ፤ ጣሪያ የሌለው ወገን ግን ወደ ቤቱ አልሄድም አለ። የሜዳው ሠራተኞች መረቡን ፈተው ጠቅልለው ሲጨርሱም ሕዝቡ እዚያው ቆሞ ነበር። በመጨረሻ ሥራ አስኪያጁ ተመልሶ መጣና ድምፅ ማጉያውን አስከፈተ። «እሺ፣ ለአንድ ዓመት ይሞከር» አለ፤ ጺሙን እዚያ ሜዳ ላይ ያበቀለውን ሰው አዲስ ገቢ ይመስል።

አናጢው ወንበሩን ፒክአፑ ላይ ሲጭን ፉርጎ አፍንጫው ውስጥ ጥጥ ወትፎ ሲሮጥ መጣ።

«ጋሼ፣ እግሩ እውነት አጥሮ ነው?»

«አላጠረም። ስታቆም ራስህ ትነግረኛለህ፤ ያኔ ሌላ እሠራልሃለሁ።»

«ይሄስ?»

«ይሄ ባለቤት አለው» አለ አናጢው። ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው የሰማው።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤት ገባ። ወንበሩን ያለ አንሶላ ጠረጴዛው አጠገብ አኖረና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ሚስቱ እስክትመጣ የሚያየው ነገር አልነበረምና በርጩማውን አየ። ከሥሩ ያለው ካርቶን የሳሙና ካርቶን ነው፤ እጥፋቱ እንደ ተተኮሰ አንሶላ ጥግ ለጥግ የገጠመ። አንድ እግሩ አጭር ነው የሚለው ውሸት ያን ያህል ቶሎ ከየት እንደመጣለት ያን ጊዜ ገባው። አፈረ። የፉርጎን ጉልበት ከስታዲየም ጫፍ ሆኖ በዓይኑ የለካ ሰው፣ የሚስቱን እግር ርዝመት ቢጠይቁት አያውቅም።

ተረከዙ የተደፈጠጠው ጫማ ድምፅ ከበሩ ተሰማ። ገባች፣ ቦርሳዋን ሰቀለች፣ ወንበሩን አየችና ዓይኗን መለሰች። ጨዋታው እንዴት ሆነ አለች፤ ዜሮ ለዜሮ አላት፤ ጥሩ ነው አለች። ከዚያ ወደ በርጩማዋ አመራች።

«እሱ ላይ አይደለም፤ እዚህ ላይ ተቀመጪ» አላት።

«የፉርጎ አይደል?»

«አይደለም።»

ቆማ አየችው። «እንቢ ብሎህ ነው?»

ለአንድ ቀን አንድ ውሸት በቅቶት ነበር። «እኔው ነኝ የመለስሁት» አለ። «ባልመልሰው ኖሮ አንቺ ትዝ አትዪኝም ነበር።»

«እሱስ እውነትህን ነው» አለችና ሄዳ ተቀመጠች። ወንበሩ ለረጅም ሰው የተሠራ ነውና እግሯ መሬት አልደረሰም፤ ጥርስ ሐኪም ቤት ተራ የምትጠብቅ ሴት መሰለች። አናጢው ሜትሩን ከኪሱ አውጥቶ ተንበረከከ። ጫማዋን አወለቀላትና ከተረከዟ እስከ ጉልበቷ መታጠፊያ ዘረጋ። ቁርጭምጭሚቷ በእጁ ውስጥ አልገባ አለው፤ የጫማው አፍ ያረፈበት ቆዳ ላይ ጥልቅ መስመር ቀርቷል።

«እግርሽ አብጧል» አለ።

«እሑድ እሑድ ይብስበታል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

የመሣሪያ ሣጥኑን ጎትቶ ከእግሯ ሥር አስገባላት። ሁለቱ እግሮቿ ሣጥኑ ላይ አረፉ።

«አጭር ነኝ ለካ» አለች።

«ወንበሩ ነው የረዘመው። አሁን እቆርጠዋለሁ።»

እንዲህ ያለ ዕቃ መቁረጥ ኃጢአት ነው አለችው፤ እያለችም ክንዷን ማሳረፊያው ላይ ዘረጋች፣ ወደ ኋላ ቀስ ብላ ሄደች፤ ጀርባዋም እንጨቱን ነካ። ዓይኗን ጨፈነች። ትንሽ ቆይቶ ትከሻዋ ወረደ፤ አናጢው ያ ትከሻ ሁልጊዜ ወደ ላይ እንደተሰቀለ ይኖር እንደነበር ያወቀው ሲወርድ አይቶ ነው።

እግሮቹን ለመቁረጥ እሷ መነሣት ነበረባት። መጋዙም ያለው እግሯ ባረፈበት ሣጥን ውስጥ ነው። «ተነሺ» የሚለው ቃል እስከ ከንፈሩ መጣ፤ እዚያው ዋጠው። እስክትነሣ ልጠብቅ ብሎ በርጩማውን ሳበና ተቀመጠ። የሳሙናው ካርቶን ከሥሩ ሾልኮ ሄደ፤ በርጩማው ወደ ቀኝ ዘመመበት፤ ጠረጴዛውን በሁለት እጁ ያዘ። ሚስቱ ዓይኗን አልከፈተችም።

«ወደ ግራ ጫን በል» አለችው።